ከማስተማሪያ ሆስፒታል ወደ መድኃኒት ኩባንያ፦ ሽግግሩን ላሰበ ሐኪም

ከሕክምና ፋኩልቲ ወጥቶ በመድኃኒት ኩባንያ ለመቀጠር ያሰበ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ኩባንያ ይወስደኛል?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ጊዜው ሲደርስ መልስ ያገኛል፤ ከእሱ መቅደም ያለበት ግን «ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስሠራ ልዋል?» የሚለው ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሁለት ሐኪሞች የሚሠሩት ሥራ በቀዶ ሐኪምና በሥነ አእምሮ ሐኪም መካከል ያለውን ያህል ሊራራቅ ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ቅር ተሰኝተው የሚመለሱ ብዙዎች ኢንዱስትሪውን ጠልተው የወጡ ይመስላቸዋል፤ ሲጠየቁ ግን የጠሉት ሳይመርጡ የገቡበትን የሥራ ክፍል ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ከመነሻው መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ጽሑፍ ደጋግሞ የሚመለስበት ነው። በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሐኪም ዋጋ የሚለካው በሚያውቀው፣ በሚያስተምረውና በሚያሳትመው ነው። በኩባንያ ውስጥ የሚለካው በሚሰጠው ውሳኔ ነው፤ ያውም ከስታቲስቲክስ፣ ከመድኃኒት ቅመማ፣ ከመርዛማነት ጥናትና ከቁጥጥር ሕግ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ፣ የጥናቱ ውጤት ገና ሳይታወቅ፣ በጽሑፍ በሚያስቀምጠውና ከዚያ በኋላ እንደ ልብ በማይለውጠው ውሳኔ። የሕክምና ዕውቀትዎ እንዳለ ይቀጥላል፤ ዕውቀቱ ወደ ውሳኔ የሚደርስበት መንገድ ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። እኔ ለዓመታት ካስተማርኩና ዎርድ ከዞርኩ በኋላ ይህን መንገድ ሳቋርጥ በቅጡ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ከዚህ በታች የማሰፍረው ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምላቸውን ነገሮች ነው።

ሥራዎቹን መለየት

ብዙ ሐኪሞች የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ሲባል የሚታያቸው የክሊኒካዊ ልማት ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ያለ ሐኪም ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጥናቱን ዝርዝር ዕቅድ፣ ይነድፋል፣ የጥናቱን ሂደት ይከታተላል፣ ውጤቱንም ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች በሚቀርብ ሰነድ ይተነትናል። በተለምዶ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሙከራ ከ20 እስከ 100 ሰዎችን፣ ሁለተኛው እስከ ጥቂት መቶዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ300 እስከ 3000 ሰዎችን ያሳትፋል፤ አራተኛው መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ የሚካሄደው ነው። እንደየምዕራፉ የሐኪሙ ሥራም ይለያያል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ እያንዳንዱን ተሳታፊ በየሰዓቱ መከታተል ሲኖርበት፣ በሦስተኛው ምዕራፍ በብዙ አገሮች በሚገኙ ጣቢያዎች የሚሠሩ መቶ ያህል ተመራማሪዎች አንድን ዓረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት እንዲረዱት ማድረግ ዋናው ጭንቀቱ ይሆናል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ወደ ጥናቱ የሚገቡ ሰዎች የኩላሊት ማጣሪያ መጠናቸው ከ45 በላይ እንዲሆን ፕሮቶኮሉ ደንግጓል እንበል። ከአንዱ ጣቢያ ተመራማሪው ሐኪም ይደውልና «የታካሚዬ 43 ነው፤ ሌላው መስፈርት ሁሉ ተሟልቷል፤ ሌላ መድኃኒት አልሠራላትም፤ ላስገባት?» ይላል። ሜዲካል ሞኒተር፣ ማለትም የጥናቱን የሕክምና ጥያቄዎች የሚመልስ የኩባንያ ሐኪም፣ ተብለው ስልኩን ያነሱት እርስዎ ነዎት። ዎርድ ውስጥ ቢሆኑ ሁለት ነጥብ ልዩነት ከላቦራቶሪው የመለኪያ መዋዠቅ የማይበልጥ መሆኑን አስበው «አስገባት» ይሉ ነበር። እዚህ መልሱ «አይቻልም» ነው። ለአንዲት ታካሚ በቃል የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ በጥሩ የክሊኒካዊ ጥናት አሠራር ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ጥናቱን በኋላ የሚመረምረው ተቆጣጣሪም እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲያገኝ እንደ ከባድ ጉድለት ይመዘግበዋል። ነገር ግን ስልኩን ከዘጉ በኋላ ሥራው አያልቅም። በዚያው ሳምንት ከሌሎች ጣቢያዎች ተመሳሳይ ጥያቄ መምጣቱን ይፈትሻሉ፤ 45 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ከእንስሳት ጥናት ይሁን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ወይም ከሌላ ፕሮቶኮል ዝም ብሎ የተገለበጠ ይሁን፣ ወደ ኋላ ሄደው ያጣራሉ፤ ምክንያቱ የላላ ከሆነ ፕሮቶኮሉ እንዲሻሻል ሐሳብ ያቀርባሉ፤ ማሻሻያውም የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችንና የቁጥጥር መሥሪያ ቤቶችን ፈቃድ ካገኘ በኋላ ለሁሉም ጣቢያ እኩል ይሠራል። ያቺ ታካሚ በዚያን ጊዜ ጠብቃ ላትገኝ ትችላለች። ይህን እያወቁ «አይቻልም» ማለት ለሐኪም ከባድ ነው፤ ክብደቱ የማይሰማው ሰው ግን ለዚህ ሥራ የሚመረጥ አይመስለኝም።

የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል፣ በተለምዶ ፋርማኮቪጂላንስ የሚባለው፣ በአካዳሚ ሐኪሞች ዘንድ ከሚገባው በታች የሚገመት ክፍል ነው። እኔ በበኩሌ ጥሩ ሐኪምነት ይበልጥ የሚታየው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ሙያ ሥር ታሊዶማይድ ላይ ይደርሳል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመን ከገበያ ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት የእጅና የእግር ጉድለት ይዘው ተወልደው ነበር። በአሜሪካ ግን የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የኤፍዲኤ ገምጋሚ የነበሩት ፍራንሲስ ኬልሲ የቀረበልኝ የደኅንነት ማስረጃ አይበቃም ብለው ማመልከቻውን ደጋግመው በመመለሳቸው ለገበያ ሳይፈቀድ ቀረ። በ1962 የወጣው የአሜሪካ ሕግም አምራቾች ከደኅንነት በተጨማሪ ፈዋሽነትን በተገቢ ጥናት እንዲያሳዩ አስገደደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1968 የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶችን ከተለያዩ አገሮች መሰብሰብ የጀመረውም ከዚሁ መከራ ተነሥቶ ነው።

የደኅንነት ሐኪም የሚውልበትን ሥራ ለማየት ጉበትን እንውሰድ። በሦስት አገሮች ባሉ ሦስት ሆስፒታሎች፣ በአንድ ሙከራ ውስጥ ያሉ ሦስት ታካሚዎች ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ሐኪም የቫይረስ ሄፓታይተስ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው የሐሞት ጠጠር ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው ምክንያቱ አልታወቀም ብሎ ያልፈዋል። እያንዳንዱ ያየው አንድ ሰው ነው። ሦስቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያያቸው የኩባንያው የደኅንነት ሐኪም ብቻ ነው። በሃይማን ዚመርማን ስም የሚጠራውና በአጭሩ የሃይ ሕግ የሚባለው ማስጠንቀቂያ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ከመደበኛው ጣሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ፣ ቢሊሩቢን ደግሞ ከሁለት እጥፍ በላይ ሲወጣ፣ የሐሞት ቱቦ መዘጋትም ሆነ ሌላ ምክንያት ከሌለ፣ ከእንዲህ ያሉ ታካሚዎች በግምት ከአሥሩ አንዱ ለሞት ወይም ለጉበት ንቅለ ተከላ እንደሚጋለጥ ይነግረናል። ስለዚህ ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ሄፓታይተስ ኢ ተመርምሯል? አልትራሳውንዱ የተነሣው መቼ ነው? አልካላይን ፎስፋቴዙ ስንት ነበር? መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ኢንዛይሙ በስንት ቀን ወረደ? ታካሚው ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ የሚወስደው ቅጠላ ቅጠል አለ? የሚያገኛቸው መልሶች አንድ ትልቅ ጥናት እንዲቆም ሊያደርጉ ይችላሉ። ጊዜውም የተቆረጠ ነው፤ በዓለም አቀፍ መመሪያው መሠረት ቀድሞ ያልተጠበቀና ለሞት ያበቃ ወይም ሕይወትን አደጋ ላይ የጣለ የመድኃኒት ጉዳት በ7 ቀን ውስጥ፣ ሌላ ከባድና ያልተጠበቀ ጉዳት ደግሞ በ15 ቀን ውስጥ ለቁጥጥር መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነ፣ ታሪክ መጠየቅ የሚወድና የማስታወሻ ጥራት የሚያሳስበው ሰው በዚህ ሥራ ይደሰታል።

የሕክምና ጉዳዮች ክፍል፣ ሜዲካል አፌርስ የሚባለው፣ መድኃኒቱ ከጸደቀ በኋላ ወይም ሊጸድቅ ሲቃረብ ከሐኪሞችና ከተመራማሪዎች ጋር ሳይንሳዊ ግንኙነት የሚያደርግ ነው። ማስተማር የሚወድ ሰው ወደዚህ ይሳባል፤ መሳቡም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ድንበሩን ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ክፍል ከሽያጭ ክፍል ተለይቶ እንዲቆም የሚያስገድዱ ደንቦች አሉ፤ ላልጸደቀ አጠቃቀም መረጃ የሚሰጠውም በአብዛኛው ሐኪሙ በራሱ ተነሣሽነት ሲጠይቅ ነው። በቃለ መጠይቅ ጊዜ የዚህ ክፍል ተጠሪነት ለማን እንደሆነ፣ ዓመታዊ ግምገማውም ከሽያጭ መጠን ጋር የተያያዘ መሆን አለመሆኑን በቀጥታ ይጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ያ ራሱ መልስ ነው።

ክሊኒካል ፋርማኮሎጂ ለሰው የመጀመሪያውን መጠን ከመወሰን ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለቁጥር የማይሰለች ሰው ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በለንደን ቲጂኤን1412 የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች በደቂቃዎች ልዩነት ተሰጥቶ ስድስቱም በጽኑ ከታመሙ ወዲህ የመጀመሪያውን መጠን ለአንድ ሰው ብቻ ሰጥቶ መጠበቅ የተለመደ አሠራር ሆኗል። የቁጥጥር ጉዳዮች ክፍል ደግሞ ጽሑፍን ቃል በቃል መመዘን ለሚችል ሐኪም ይስማማል። የጤና ኢኮኖሚክስ ክፍል የሕዝብ ጤና ወይም የኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና ላለው ይቀርባል።

ሥራዎን ሳይለቁ የሚደረግ ዝግጅት

በቅድሚያ የጥሩ ክሊኒካዊ አሠራር መመሪያን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ መመሪያ የመድኃኒት ቁጥጥር መስፈርቶችን በሚያስማማው ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ በአይሲኤች፣ ሥር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን ሦስተኛው እትሙ በጥር 2025 ጸድቋል፤ የሥልጠና የምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ጥቂት ሰዓት ይበቃል፤ ነገር ግን መመሪያውን ራሱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ከወረቀቱ ይልቅ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ በክፍልዎ ውስጥ በኩባንያ የሚደገፍ ሙከራ ካለ ተባባሪ ተመራማሪ ለመሆን ይጠይቁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ወይም የጥናት መረጃ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ከብዙ ኮርስ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሌሎችን ፕሮቶኮል ድክመት በማየት የራስን መጻፍ ይለመዳል።

ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ ልምምድ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በሙያ ዘርፍዎ በቅርብ ጊዜ ከጸደቁ መድኃኒቶች አንዱን ይምረጡ። ኤፍዲኤ የጸደቁ መድኃኒቶችን የግምገማ ሰነዶች፣ የአውሮፓው የመድኃኒት ኤጀንሲም የሕዝብ ግምገማ ሪፖርቶቹን በነፃ ያወጣሉ። በመጽሔት የታተመውን ጽሑፍ አስቀድመው ያንብቡና ምን እንዳሳመነዎት ይጻፉ። ከዚያ የገምጋሚውን ሰነድ ይክፈቱ። በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የታለፈው ጉዳይ፣ ለምሳሌ መድኃኒቱን ያቋረጡ ሰዎች በስሌቱ ውስጥ እንዴት ተቆጠሩ የሚለው፣ ሰነዱ ውስጥ ገጾችን ሲወስድ ያገኙታል። በአንዳንዱ ላይ የሕክምናው ገምጋሚና የስታቲስቲክሱ ገምጋሚ የማይስማሙበትን ነጥብ ያያሉ። ይህንን በሁለት ገጽ አሳጥረው «እኔ ብሆን ኖሮ ጥናቱን እንዲህ እነድፈው ነበር፤ ምክንያቱም…» ብለው ይጻፉ። ሦስት መድኃኒቶችን እንዲህ የሠራ ሐኪም ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቀመጥ የሚናገረው ነገር አያጣም።

ከስታቲስቲክስ በኩል ስሌቱን በእጅ መሥራት አይጠበቅብዎትም፤ ቋንቋውን ግን መናገር ይገባል። በተለይ አይሲኤች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ኢስቲማንድ የሚባለው ሐሳብ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ታካሚው በጥናቱ መካከል መድኃኒቱን ቢያቆም፣ ሌላ መድኃኒት ቢጀምር ወይም ቢሞት የሚለካው ውጤት ምን ማለት ይሆናል? ይህ ጥያቄ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት መመለስ አለበት፤ መልሱም ከስሌት በፊት የሕክምና ጉዳይ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ እርስዎን የሚፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ተጨማሪ ዲግሪ ብዙ ይጠየቃል። የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ለመግባት ግዴታ አይደለም፤ በኋላ፣ ወደ አመራር ሲጠጉ ሊረዳ ይችላል። የመድኃኒት ሕክምና፣ ፋርማሲዩቲካል ሜዲስን የሚባለው፣ በዩናይትድ ኪንግደም፣ በስዊዘርላንድና በአየርላንድ ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው፤ ዲፕሎማው ከገቡ በኋላም ሊሠራ ይችላል። የስፔሻሊቲ ሥልጠናዎን ግን ሳይጨርሱ አይውጡ። በብዙ የሐኪም መደቦች ማስታወቂያ ላይ የተጠናቀቀ ስፔሻሊቲ ይጠየቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ታካሚ ያየ ሐኪም ፕሮቶኮል ላይ የተጻፈ ነገር በእውነተኛው ክሊኒክ እንደማይሠራ ሳይነገረው ያውቃል።

ሲቪው

መጀመሪያ ያመለከትኩት ለአሥራ አንድ ቦታ ነበር፤ ለሁሉም የላክሁት አንድ ዓይነት፣ አሥራ አራት ገጽ የሆነ፣ እያንዳንዱን ንግግርና እያንዳንዱን ፖስተር የዘረዘረ ሲቪ ነው። ከአንዳቸውም መልስ አልመጣም። በመጨረሻ በኢንዱስትሪው ውስጥ የምትሠራ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አንብባው «ምን እንደምታውቅ ገባኝ፤ ምን እንደወሰንክ ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ሌሎችን ስመክር የምጀምርበት ነው።

የአካዳሚ ሲቪ የኅትመት መዝገብ ነው። ለኢንዱስትሪ የሚቀርበው ከሁለት ወይም ከሦስት ገጽ ሳይበልጥ እያንዳንዱ መስመር ችግሩን፣ የእርስዎን ውሳኔና የተከተለውን ውጤት ማሳየት አለበት። ለምሳሌ «በልብ ድካም ጥናት ተባባሪ ተመራማሪ፤ ስድስት ኅትመቶች» የሚለው መስመር የሥራ ድርሻውን ይደብቃል። ያንኑ ሥራ እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦ «በብዙ ማዕከላት በተካሄደ የልብ ድካም ጥናት 48 ታካሚዎችን መልምያለሁ፤ ምልመላው ሲዘገይ የጥናቱ ቀጠሮ ከመደበኛው የክሊኒክ ቀን ጋር እንዲገጥም በማድረጌ የሚያቋርጡ ሰዎች ቁጥር ቀንሷል፤ ከባድ ክስተቶችን ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለስፖንሰሩ አሳውቄያለሁ።» ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ለቀጣሪው ሰውዬው ሥራ ላይ እንዴት እንደሚያስብ ይነግረዋል። ኅትመቶችዎ ከአምስት ባልበለጠ ምርጫ በመጨረሻው ገጽ ይቀመጡ፤ ሙሉ ዝርዝሩን ሲጠየቁ ይስጡ። ቁጥር የሌለዎትን ነገር ደግሞ ቁጥር አይፍጠሩለት፤ ይህ መስክ የተመዘገበውን ሁሉ የሚያጣራ ሰው የሚቀጠርበት መስክ ነው።

መግቢያውና ቃለ መጠይቁ

አብዛኛው ሰው የሚገባው በሰው በኩል ነው፤ ይህ ማለት ግን በዝምድና ማለት አይደለም። ከእርስዎ ቀድመው ከወጡ ሐኪሞች ጋር ሃያ ደቂቃ መነጋገር ይጠይቁ፤ ሥራ ፈልጉልኝ ሳይሉ «ባለፈው ሳምንት የወሰኑት ውሳኔ ምን ነበር? ያንን ለመወሰን ከማን ጋር ተነጋገሩ?» ብለው ይጠይቁ። በዚህ ጥያቄ ብቻ የሥራ ክፍሎቹ ልዩነት ፍንትው ብሎ ይታያል። ለትልልቅ ኩባንያዎች በውል ጥናት የሚያካሂዱ ሲአርኦ የሚባሉ ድርጅቶች ልምድ የሌለውን ሐኪም ለመውሰድ የተሻለ ፈቃደኛ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥናቶችን ማየት ይቻላል፤ በጥናቱ ንድፍ ላይ የሚኖርዎት ድርሻ ግን ይጠባል። በትናንሽ ባዮቴክ ኩባንያዎች ደግሞ አንድ ሐኪም የሦስት ክፍል ሥራ ይሠራል። ልምድ ላለው ይህ ድንቅ ነው፤ የሚያስተምር ሰው ለሚያስፈልገው ጀማሪ ግን አልመክረውም።

በቃለ መጠይቁ ላይ «ለምን ትወጣለህ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለ ሆስፒታሉ ምሬት፣ ስለ ደመወዝ ማነስ ወይም ስለ ድካም የሚጀምር መልስ፣ ሁሉም እውነት ቢሆን እንኳ፣ የሚያሳየው የሚሸሹትን እንጂ የሚሄዱበትን አይደለም። አንድ ያዩትን ሕክምና ያጣ በሽታ፣ በዚያ በሽታ ላይ የትኛው ጥናት እንዳልተሠራ ወይም በመጥፎ ንድፍ እንደተሠራ አንሥተው ቢናገሩ የተሻለ ነው። ሌላው የሚጠየቁት «በቡድን ውስጥ ሐሳብህ ሳይያዝ ሲቀር ምን አደረግህ?» የሚል ነው። በፕሮፌሰርነት ለዓመታት የመጨረሻውን ቃል የተናገረ ሰው ለዚህ ጥያቄ አስቀድሞ እውነተኛ ምሳሌ ቢፈልግ ይበጀዋል። ብዙ ኩባንያዎች አጭር ንግግር እንዲያቀርቡ ያደርጋሉ፤ የምርምር ታሪክዎን ከመዘርዘር ይልቅ ከላይ የገለጽኩትን የሁለት ገጽ ልምምድ ወስደው አንድ ጥናት ይተንትኑ።

በደንብ መውጣት

ስለዚህ ክፍል የሚጻፍ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ይበልጥ የማተኩርበት ነው፤ ምክንያቱም የሚነካው ሌሎችን ነው። ከአንድ ኩባንያ ጋር የቅጥር ንግግሩ ቁም ነገር ላይ የደረሰ ዕለት የጥቅም ግጭት ይጀምራል። የዚያ ኩባንያ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ላይ ተመራማሪ ከሆኑ ለተቋምዎ የጥናት ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። የሆስፒታሉን የመድኃኒት ዝርዝር በሚወስን ኮሚቴ ወይም የሕክምና መመሪያ በሚያወጣ ቡድን ውስጥ ካሉ፣ ገና ሳይፈርሙ፣ ከሚመለከታቸው ውይይቶች ይውጡ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ሕግ ኩባንያዎች ለሐኪሞች የሚከፍሉት ገንዘብ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ቢሆን ታካሚዎ ዛሬ የጻፉለት መድኃኒት የነገ ቀጣሪዎ ምርት መሆኑን በኋላ ሲሰማ የሚያስበውን ያስቡ።

ታካሚዎችዎን በስም ለተተኪው ያስረክቡ፤ «ሌላ ሐኪም ያይዎታል» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ለዓመታት የተከታተሉትን ሰው አይመጥንም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ካሉዎት ከመውጣትዎ በፊት ሁለተኛ አማካሪ እንዲመደብላቸው ያድርጉ፤ የሚጨርሱበትን ቀን አብረው ይወስኑ፤ አዲሱ ቀጣሪዎም እስከዚያ ድረስ በወር ጥቂት ሰዓት እንዲፈቅድልዎት በውሉ ላይ ያስጽፉ። የጥናት መረጃ፣ የታካሚ ዝርዝርና ያልታተመ ውጤት የተቋሙ ነው፤ በግል ኮምፒውተር ወይም በፍላሽ ይዞ መውጣት ሕግን መጣስ ነው፤ አዲሱን ኩባንያም ችግር ውስጥ ይከታል። በራስዎ ስም የተመዘገበ ወይም በሂደት ላይ ያለ የፈጠራ መብት ካለ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይወቁ።

ውሉና የመጀመሪያዎቹ ወራት

ከደመወዙ ጋር የሚቀርበው ዓመታዊ ጉርሻና የኩባንያ አክሲዮን በየዓመቱ እየተከፋፈለ የሚለቀቅ ነው፤ ቀድመው ከወጡ የቀረው ይቀራል። ከተፎካካሪ ኩባንያ ጋር እንዳይሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ካለ ለምን ያህል ጊዜና በየትኛው የበሽታ ዘርፍ እንደሆነ ይለዩ። በሳምንት አንድ ቀን ወይም በወር ሁለት ቀን ታካሚ ማየት ከፈለጉ ፊርማው ከመድረቁ በፊት በጽሑፍ ይያዝ፤ ከገቡ በኋላ በቃል የሚጠየቅ ፈቃድ በአለቃ መቀየር ይጠፋል። የሙያ ፈቃድዎንም አያስቋርጡ።

ለአንድ ነገር ልብን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ አሥር መድኃኒቶች ለገበያ ፈቃድ የሚበቃው በግምት አንድ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የደከሙበት ጥናት በአንድ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንዴ መድኃኒቱ ስላልሠራ፣ አንዳንዴ ጉዳት ስለታየ፣ አንዳንዴም ኩባንያው ገንዘቡን ወደ ሌላ በሽታ ስላዞረ። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያማል። የሥራ ክፍሎች ሲዋሐዱ ሰው የሚቀነስበት ጊዜም አለ፤ የፋኩልቲ ቋሚ ቅጥር የሚሰጠው ዋስትና እዚህ የለም። ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ከሆነ ይህንን ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ከውሉ በፊት ይነጋገሩበት።

ሥራ ሲጀምሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው የምህጻረ ቃል ብዛት ያስደነግጣል፤ ማስታወሻ ደብተር ይያዙና እየሰሙ ይጻፉት፤ በሁለት ወር ውስጥ ይለመዳል። የተመደቡበትን መድኃኒት የተመራማሪዎች መረጃ ሰነድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ ሐኪሞች ዘለው ወደ ክሊኒካዊው ምዕራፍ የመሄድ ልማድ ስላላቸው በተለይ የእንስሳት መርዛማነት ጥናቱን አይዝለሉ። አይጦቹና ውሾቹ ላይ ምን እንደታየ፣ በየትኛው መጠን፣ መድኃኒቱ ሲቆም መመለስ አለመመለሱን ያስተውሉ። ከዚያ የመርዛማነት ባለሙያውን ፈልገው በዚያ ምዕራፍ ላይ ያልገባዎትን አንድ ነገር ይጠይቁት። ከስድስት ወር በኋላ ከአንዱ ጣቢያ ያልተጠበቀ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚደውሉለት ሰው እሱ ይሆናል፤ ያን ቀን ደግሞ የሚቆጠረው ሰዓት ነው።